አራት ኪሎ ተኩል የምታነሣ እጅ

በሳይንስ መጽሔት ገጽ ላይ ስለ አስማት የሚያወራ ጽሑፍ ያጋጠመው አንባቢ አዘጋጆቹ መንገድ ስተዋል ብሎ ቢጠረጥር አንፈርድበትም። ሆኖም ባለፈው ክረምት በሐረር፣ በጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከአራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ያሳለፍናቸው ጥቂት ምሽቶች ለረጅም ጊዜ በልባችን ይዘነው የኖርነውን አስተያየት በአደባባይ እንድንናገር አደፋፍረውናል። አስተያየታችንም ይህ ነው፤ የፊዚክስን ተማሪ አእምሮ ከሚያሠሩ ነገሮች አንዱ በምናብ ጨዋታዎች ውስጥ የሚገኘው ትንሹ የሥራ አስማት ነው። የሚያሠራውም አስማት ስለሆነ ሳይሆን ልክ ስላለው ነው።

ጨዋታው እንግዳ ለሚሆንበት አንባቢ በአጭሩ እናስተዋውቀው። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ወታደር፣ ሌባ፣ አስማተኛ። ተራኪው ያለውን ሁኔታ ይናገራል፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። አሸናፊ የለውም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ላደገ ሰው ነገሩ ያን ያህል ባዕድ አይደለም፤ ልዩነቱ ሰሚው ተረቱ መሐል ገብቶ መንገዱን መለወጥ መቻሉ ነው።

በደንቡ መጻሕፍት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስማቶች ተዘርዝረዋል። የጀማሪ ዓይን የሚያርፈው በእሳት ኳሱና በመብረቁ ላይ ነው። እኛም ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር ሳለን ጓደኞቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጠረጴዛቸው ሲጋብዙን የመረጥነው የእሳት ኳስን ነበር፤ ከሁለት ሰዓት ጨዋታ በኋላ ያቃጠልነው ልንሻገርበት የነበረውን ድልድይ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከእሳቱ ጎን ግን ማንም ልብ የማይላቸው ትናንሽ አስማቶች አሉ። ከእነርሱ አንዷ «የአስማተኛ እጅ» ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ስለ እርሷ የሚለው፣ ወደ ሜትርና ኪሎ ግራም ስንመልሰው፣ እንዲህ ነው። በአየር ላይ የምትንሳፈፍ እጅ ትታያለች፤ ከጠሪዋ ከ9 ሜትር በላይ ከራቀች ትጠፋለች፤ ከ4.5 ኪሎ ግራም በላይ አትሸከምም፤ በአንድ ተራ፣ ማለትም በ6 ሰከንድ፣ እስከ 9 ሜትር ትሄዳለች፤ አንድ ደቂቃ ትቆያለች፤ መምታትና ማቁሰል አትችልም። መልሶ መላልሶ ግን መጥራት ይቻላል። (አራት ኪሎ የተማሩ አንባቢዎቻችን በቁጥሩ ላይ የሚሰነዝሩትን ቀልድ ቀድመን ሰምተነዋል።)

የጨዋታው አንድ ባሕርይ ጃክ ቫንስ ከተባለ ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ከታተመ መጽሐፉ፣ የተወረሰ ነው። በዚያ መጽሐፍ አስማተኛው ድግምቱን ይሸመድዳል፤ አንድ ጊዜ ከተናገረው በኋላ ግን ከአእምሮው ይጠፋል። ለብሔራዊ ፈተና ቀመር ሸምድዶ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

ሐረር ደግሞ ለዚህ ጨዋታ ተብላ የተሠራች ትመስላለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የተገነባው ግንብ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ዙሪያ አለው፤ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በውስጡ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ካልተጋፉ የማይተላለፉባቸው መንገዶች ይጠላለፋሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ለተራኪ ከሁሉ የሚመቸው ግን በግንቡ ሥር ያለው ቀዳዳ ነው። ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል»፣ የጅብ ቀዳዳ፣ ይሉታል፤ ጅቦች ሌሊት እየገቡ የከተማውን ትርፍራፊ የሚያጸዱበት መግቢያ ነው።

የተጫወትነው በአንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ በጌይ ጋር ውስጥ፣ ግድግዳውን የሞሉት ሰፌዶች ከላይ እያዩን ነበር። የቤቱ ወለል ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፈለ ስለሆነ ጠረጴዛ አላስፈለገንም። ለዳኝነቱ ሲባል የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ ለእኛ ተለቀቀ፤ ተማሪዎቹ በትልቁ ነደባ ላይ ደብተራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

ያቀረብንላቸው ታሪክ ቀላል ነው። ዘመኑ የአሚሮቹ ዘመን ነው፤ መሽቷል፤ በሮቹ ተዘግተዋል። አራት መንገደኞች መድኃኒት ይዘው ከኤረር በር ውጭ ቆመዋል፤ ታማሚው ጁገል ውስጥ ነው፤ እስኪነጋ አይቆይም። በሩ ከውስጥ 45 ኪሎ ግራም በሚመዝን የእንጨት መወርወሪያ ተቀርቅሯል። መንገደኞቹ ገመድ፣ ቅርጫት፣ ጥቂት ስንቅ አላቸው። አስማታቸው ደግሞ አራት ብቻ ነው፤ እጅ፣ የነኩትን ዕቃ ለአንድ ሰዓት የሚያበራ ብርሃን፣ ከሩቅ የሚያንሾካሹክ መልእክት፣ እንዲሁም ትንሽ ነገር የሚያሞቅ ወይም የሚያቀዘቅዝ። ይህ አራተኛው የደረሰው ልጅ ተቀይሞ ለግማሽ ሰዓት አላናገረንም።

ከቀዳዳው ፊት ጅብ ቆሟል አልናቸው። በደንቡ መጻሕፍት ጅብ የሚወጋ አውሬ ነው፤ የሕይወቱ ነጥብ ሁሉ ተጽፏል። ከጁገል የመጣው ልጅ ግን በመገረም አየን። «ጅብ ለምን ይገደላል? ሥጋ ይሰጠዋል እንጂ» አለ። የሐረር ጅብ አብሊዎች በአጭር እንጨት ጫፍ፣ ሲላቸውም በአፋቸው ይዘው፣ ሥጋ እንደሚያጎርሱ፣ በአሹራ ቀን ለጅብ ገንፎ እንደሚቀርብ እያየ ላደገ ልጅ ሌላ መልስ አልነበረውም። አስማተኛዋ ልጅ ከስንቁ ቋንጣ በእጇ አስይዛ 9 ሜትር ርቃ አጎረሰችው። የውጊያው ክፍል በዚሁ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለአርባ አምስት ደቂቃ የክፍል ጊዜ የምንቀናበት ነው። ባለ ብርሃኑ ልጅ ጠጠር አብርቶ በቀዳዳው ወረወረ፤ የበሩ ውስጥ ታየ። እጅ 45 ኪሎ አታነሣም፤ ገመድ ግን ታነሣለች። ገመዱን ከበሩ በላይ በተጋደመው ግንድ ላይ አሳልፎ አንዱን ጫፍ ከመወርወሪያው፣ ሌላውን ከቅርጫቱ ማሰር፣ ከዚያም ቅርጫቱን በድንጋይ መሙላት ይቻላል። አንዲት እጅ ብቻዋን ቋጠሮ መቋጠር ትችላለች ወይ? ዳይስ ከመጣል ይልቅ ሁሉም አንድ እጃቸውን ከኋላ ደብቀው በገመድ ሞከሩት። ሦስቱ አቃታቸው፤ አንዷ ቋጠረች። ፈቀድን።

«እንግዲህ ዐሥር ምልልስ ሚዛኑን ያደርሰዋል፣ ዐሥራ አንደኛው ያነሣዋል» አሉ። ሰበቃውን ረስተዋል። ገመድ በግንድ ላይ ግማሽ ዙር ሲጠመጠም፣ የሰበቃውን መጠን 0.3 ብንወስድ፣ ሸክሙን ለማንሣት የሚያስፈልገው ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቅርጫቱ 45 ሳይሆን 115 ኪሎ ግራም ይፈልጋል፤ ይህም 26 ምልልስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምልልስ 12 ሰከንድ ብንቆጥር ከአምስት ደቂቃ ያልፋል። የዘበኛው መምጫ ግን አራት ደቂቃ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ያኮረፈው ልጅ ቀና ያለው። «ስንቃችን ውስጥ ቅቤ አለ?» አለ። ቅቤውን በአስማቱ አቀለጠ፤ እጅ ግንዱንና ገመዱን ቀባች። ሰበቃው ወደ 0.1 ቢወርድ የሚያስፈልገው 62 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ 14 ምልልስ፣ ሦስት ደቂቃ ያልሞላ ጊዜ። በሩ ተከፈተ። መልእክተኛው የታማሚውን ቤተሰብ በሹክሹክታ ቀሰቀሰ፤ እርሱም በዚያ ምሽት ድርሻው ትንሽ ሆኖበት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ማስላቱን ማንም አላዘዛቸውም። የፊዚክስ ፈተናዎቻችን እንደ እንቆቅልሽ ናቸው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱ በጠያቂው ኪስ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል። ተማሪው የሚፈልገው እውነቱን ሳይሆን መምህሩ ኪስ ውስጥ ያለውን ነው። በኤረር በር ግን እኛም መልሱን አናውቅም ነበር። ቅቤውን አላሰብነውም።

በሁለተኛው ምሽት ስለ እጅ ጥቅም ዝርዝር እንዲያወጡ ጠየቅናቸው። የጨዋታው ወዳጆች በዓለም ዙሪያ ያሰባሰቧቸው እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ብዙ ናቸው፤ ቁልፍ ከዘበኛ ወገብ ማውጣት፣ ወጥመድ ከሩቅ መንካት፣ ደወል መደወል። የሐረር ተማሪዎች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ግን «ጀሪካን» የሚል ነበር። የቧንቧ ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው 9 ሜትር የሚወጣ፣ 9 ሜትር የሚወርድ እጅ ሲሰጠው የሚያየው ጉድጓድ ነው። ስሌቱ ይህን ይመስላል። መቅጃው ግማሽ ኪሎ ቢመዝን 4 ሊትር ውኃ ይነሣል፤ ስድስት ሰከንድ ወደ ላይ፣ ስድስት ሰከንድ ወደ ታች፤ በሰዓት 300 ምልልስ፤ 1,200 ሊትር፤ ስድሳ ጀሪካን። እጅ ሸክሟን ስታነሣ የምትሠራው ሥራ በሰከንድ 66 ጁል፣ ማለትም 66 ዋት ገደማ ነው። ጉልበታም ሰው ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ከሚሠራው ብዙ አይርቅም። ደካማ የመሰለችው እጅ ደመወዝ የማትጠይቅ የቀን ሠራተኛ ሆና ተገኘች። በየትኛውም የውጭ ዝርዝር ውስጥ ይህን ጥቅም አላየነውም። የፈጠራ ችሎታ ከየት ይመጣል ለሚሉ ሁሉ ይህን ጀሪካን እንጠቁማቸዋለን።

ከጀሪካኑ ወደ ሐይቁ የተሻገረችው አንደኛዋ ልጅ ናት። ሐረር ለብዙ ዓመታት ውኃዋን ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ለመስኖ በሚሳበው ውኃ፣ በደለልና በትነት ምክንያት እየሸሸ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ፤ በቅርብ ዓመታት ውኃው በከፊል ተመልሷል። በጨዋታው ውስጥ በአንድ ጊዜ 38 ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ የሚፈጥር አስማት አለ። «ሐይቁን በዚህ መሙላት ይቻላል?» አለች። ደንቡ በቀን የሚፈቅደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሆንም ያንን ተውንላት፤ አስማተኛው ሳይተኛ በየስድስት ሰከንዱ ይፍጠር አልን። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ አንድ ቢሊዮን ሊትር ነው። ለ38 ሲካፈል ከ26 ሚሊዮን ጊዜ በላይ፤ አምስት ዓመት። ልጅቷ «አምስት ዓመት ብዙ አይደለም» ብላ ደስ አላት።

ባለ ቅቤው ልጅ ግን ትነቱን አነሣ። በቀን 4 ሚሊ ሜትር ይተናል ብንል፣ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በቀን 4 ሚሊዮን ሊትር ይሄዳል። ያ እንቅልፍ አልባ አስማተኛ በቀን የሚፈጥረው 547,200 ሊትር ነው፤ ከሚሄደው አንድ ሰባተኛው ብቻ። ዝናቡን ለጊዜው ትተን ብናሰላ፣ ሐይቁ በአምስት ዓመት ቀርቶ በአምስት መቶ ዓመትም አይሞላም፤ ወደ 14 ሄክታር የሚሆን ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቁጥሩን ስትመለከት ቆየች። በመጽሐፍ ላይ ስለ ውኃ ሚዛን ሁለት ገጽ ከማንበብ ይልቅ ይህች ዝምታ የበለጠ ያስተማረቻት ይመስለናል። ሐይቅ የሚኖረው በሚገባለት ውኃ ብቻ ሳይሆን ከሚወጣው ጋር በሚያደርገው ሚዛን መሆኑን ከእንግዲህ አትረሳውም።

በዚህ ዓይነት ጨዋታ የምንከተለው አንድ ደንብ አለን፤ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። አስማቱ አንድ ውሸት ብቻ ይፈቀድለታል። ያ ውሸት ከተነገረ በኋላ ያለው ሁሉ ለተፈጥሮ ሕግ ይገዛል። ውኃ የሚፈጥረውን አስማት ደግመን እንመልከት። ውሸቱ የቱ ነው? ውኃው ከምንም ነው የመጣው የምንል ከሆነ፣ በአይንስታይን ቀመር መሠረት 38 ኪሎ ግራም መጠነ ቁስ የሚተካከለው ኢነርጂ፣ ታላቁ የህዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ በታቀደው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ብናሰላው፣ የስድሳ ዓመት ምርቱ ነው። የለም፣ ከአየር ላይ ተሰብስቦ ነው የምንል ከሆነ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 10 ግራም ተን ቢኖር 3,800 ሜትር ኩብ አየር መጭመቅ ያስፈልጋል። ተን ወደ ውኃ ሲለወጥ ደግሞ ለመትነን የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይለቃል፤ ለ38 ኪሎ ግራም ወደ 93 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ በስድስት ሰከንድ ውስጥ ሲለቀቅ ያንን ሁሉ አየር በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ያሞቀዋል። የጥቅምት ምሽት በአንድ ጊዜ የአፋር በረሃ ቀትር ይሆናል። ከሁለቱ ውሸቶች አንዱን ምረጡ ስንላቸው ተማሪዎቹ ሁለተኛውን መረጡ፤ ምክንያቱም ሙቀቱን ለሌላ ነገር መጠቀም ይቻላል አሉ። ወዲያው ዳቦ መጋገር ጀመሩ።

ይህን ደንብ የማይከተሉ ተጫዋቾች ወዴት እንደሚደርሱ የሚያሳይ በጨዋታው ወዳጆች ዘንድ የታወቀ አንድ ዘዴ አለ። 2,280 ገበሬዎች በየአንድ ሜትር ተኩሉ ተሰልፈው ይቆማሉ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ዱላ ሲደርሰው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ማሳለፍ ይችላል፤ የሁሉም ተራ ደግሞ በዚያው ስድስት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ዱላው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህሉን በስድስት ሰከንድ ይጨርሳል፤ በሰከንድ 580 ሜትር፣ ከድምፅ ፍጥነት በላይ። «ከመጨረሻው ሰው እጅ ሲወጣ እንደ መድፍ ጥይት ግንብ ያፈርሳል» ይባላል። የሰልፉ ርዝመት ከጁገል ግንብ ዙሪያ ጋር መግጠሙን ተማሪዎቹ ራሳቸው አስተዋሉት፤ ከተማውን በሰው ከበው ዱላ ማዞር አማራቸው።

እስቲ ይዞር ብለን አሰላነው። እያንዳንዱ ሰው ዱላውን ከቆመበት አንሥቶ፣ አንድ ሜትር ተኩል ወስዶ፣ መልሶ አቁሞ ለማስረከብ ያለው ጊዜ ከሰከንድ ሺኛ ክፍል ሁለት ተኩል ያህሉ ነው። ዱላው 2 ኪሎ ግራም ቢመዝን ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል የ180 ቶን ክብደት ነው፤ ሙሉ ጭነት የያዙ አራት የጭነት መኪናዎችን ከነተሳቢያቸው አንድ ገበሬ በአንድ ክንዱ እንደማንሣት ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዱላው በእያንዳንዱ እጅ ላይ ስለሚቆም የመጨረሻው ሰው ቢለቀው እግሩ ላይ ይወድቃል እንጂ አይወረወርም። ዘዴው ማጭበርበር የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ለሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል የጨዋታውን ደንብ ይጠቀማል፤ ለመጨረሻዋ አንድ ሜትር ደግሞ ድንገት ኒውተንን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተራኪዎች መመሪያ ራሱ የጨዋታው ደንብ ፊዚክስ አይደለም ብሎ እንዲህ ያለውን ክርክር እንዳይቀበሉ ይመክራል። ምክሩ ለጨዋታ ትክክል ነው፤ ለክፍል ግን ሒሳቡ ሳይሠራ መከልከሉ ያሳዝናል። ሰበቃን ሲመቸው ትቶ ሳይመቸው የሚያስገባ የቤተ ሙከራ ሪፖርት ስንት አርመናል!

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንድ ባልደረባችን «ጥንቆላ ባልጠፋበት አገር ለወጣት ስለ አስማት ማውራት በእሳት ላይ ቤንዚን ነው» ብለውናል። በአሜሪካም በ1980ዎቹ ብዙ ወላጆች ይህንኑ ጨዋታ ፈርተው ነበር። ፍርሃቱን አንንቀውም፤ ነገር ግን ጠንቋይ 4.5 ኪሎ ግራም ብሎ አያውቅም። «ይሆንልሃል» ይላል፤ ሳይሆን ሲቀርም ጥፋቱ የደንበኛው ነው። ስንት ኪሎ፣ ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ ጠንቋይ ቤት ቢሄድ ከደጃፉ የሚመለስ ይመስለናል፤ ጥያቄው አስቀያሚ ደንበኛ ያደርገዋልና። በእኛ አስተያየት ይልቅ የሚያሰጋው በክፍል ውስጥ ያለው ድግምት ነው። ከየት እንደመጣ፣ የት ድረስ እንደሚሠራ ሳይነገር በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በቃል የሚያዝ ቀመር ከድግምት በምን ይለያል?

ጨዋታው ወጪ የለውም። ዳይስ ባይገኝ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች በቆብ ውስጥ ይበቃሉ፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። የደንብ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ልካቸው በቁጥር የተጻፈ አራት ትናንሽ አስማቶችና የአካባቢው ካርታ ካሉ በቂ ነው። ጎንደር ፋሲል ግቢ አለው፤ አክሱም ሐውልት አለው፤ ሐውልቱን በ66 ዋት ማቆም በራሱ የአንድ ወር ጨዋታ ነው። የእሳት ኳስ ግን አትፍቀዱ።

በመጨረሻው ምሽት የተነሣውና ሳይዘጋ የቀረው ክርክር ደግሞ ይህ ነው። ቋጠሮውን የቋጠረችው ልጅ «እጅ ድንጋይ ስታነሣ ክብደቱን ማን ይሸከመዋል?» ብላ ጠየቀች። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሆኑ ነው። ጠሪው ይሸከመዋል ብንል፣ 9 ሜትር ርቆ ያለ 4.5 ኪሎ ግራም በረጅም እንጨት ጫፍ እንደ ተያዘ ያህል ስለሚጎትተው 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአፍጢሙ ይደፋል፤ ሳይወድቅ ሊያነሣ የሚችለው ሁለት ሜትር እንኳ ከማይሞላ ርቀት ነው። ማንም አይሸከመውም ብንል ደግሞ ጠሪው ጋሪ ላይ ተቀምጦ ጋሪውን በገዛ እጁ ሊያስገፋ ይችላል። ጋሪውና ሰውየው 80 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ ሰበቃ ባይኖር፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ።

«አይደርሱም» አለ ከጁገል የመጣው ልጅ። «እጅ በስድስት ሰከንድ ከ9 ሜትር በላይ አትሄድም። በሰከንድ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አትገፋም።»

«ከማን አንጻር?» አለችው።

ከጠሪዋ አንጻር ከሆነ እጅ ከጋሪው ጋር አብራ ስለምትሄድ ገደቡ አያግዳትም፤ ጋሪው ወደ ኤረር ሸለቆ ይከንፋል። ከመሬት አንጻር ከሆነ ደግሞ ሐረር ራሷ በምድር መሽከርከር ምክንያት በሰከንድ 459 ሜትር ወደ ምሥራቅ እየሄደች ነው፤ አስማቱ ከሚንቀሳቀሱት ነገሮች ሁሉ ለይቶ ምድርን ብቻ እንደ ቆመች የሚቆጥርበት ምክንያት አልተገኘም። ሁለት ለሁለት ተከፈሉ። እኛ ቆቡን አነሣንና በወረቀት እንዲወሰን ሐሳብ አቀረብን። ልጅቷ ቆቡን ከእጃችን ወስዳ ነደባው ላይ አስቀመጠችው። «ይህ በዕጣ አይወሰንም» አለች።